ጠረጴዛ ያሉት መቃብር

ሰሞኑን አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ቃሉ ዶልመን ነው፣ በትላልቅ ድንጋዮች የተሰራ ጥንታዊ መቃብር መጠሪያ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የትርጉም ስራ መጣልኝ፣ ስለ ዓለም ጥንታዊ ቅርሶች የሚያወራ ወደ 40 ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ነው፣ እሱን ወደ አማርኛ መልሼ ላክኩ። ተመልሶ ሲመጣልኝ ብዙው ነገር እንዳለ ነው፣ ግን እኔ ዶልመንን "የድንጋይ መቃብር" ያልኩበት ቦታ በሙሉ በቀይ ተሰርዞ "የድንጋይ ጠረጴዛ" ተብሏል። አስራ አንድ ቦታ። ዳር ላይ ደግሞ ማስታወሻ አለ፣ "የቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ ይኸው ስለሆነ ይስተካከል" የሚል።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ከዛ ላፕቶፔን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ማታ ማታ ሲኖትራኮቹ አሸዋና ድንጋይ ጭነው ሲያልፉ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ እና እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እዛው ቁጭ ብዬ ሳነብ ያረመኝ ሰው ስለ ቃሉ ያለው ነገር ልክ ሆኖ አገኘሁት። ዶልመን ማለት በእውነትም የድንጋይ ጠረጴዛ ማለት ነው። ፈረንሳይ ምዕራብ ጫፍ ላይ ብሬታኝ የሚባል አገር አለ፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ብሬቶን። በዛ ቋንቋ ታኦል ጠረጴዛ ነው፣ ማየን ደግሞ ድንጋይ። ሁለቱ ተገጣጥመው ነው ዶልመን የሆኑት። ቃሉን ወደ መጽሐፍ አስገብቶ ያስለመደው ደግሞ ላ ቱር ዶቨርኝ የሚባል የዛው አገር ሰው ነው፣ ወታደርም የቋንቋ ሰውም ነበር፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1790ዎቹ ነው። አንዳንድ ሰዎች እንደውም ቃሉ ከኮርንዎል ቋንቋ ተሳስቶ የተወሰደ ነው፣ መጀመሪያ ትርጉሙ "የድንጋይ ቀዳዳ" ነበር ብለው ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ ዓለም የያዘው ጠረጴዛውን ነው።

ነገሩ ሲታይ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሦስት አራት ወይም ከዚያ በላይ ትላልቅ ድንጋዮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ በላያቸው ላይ አንድ ሰፊ ከባድ ድንጋይ ይጋደማል፣ ከስር ባዶ ክፍል ይፈጠራል። እውነትም ከሩቅ ላየው ጠረጴዛ ይመስላል። ችግሩ ያ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው ነው ያለው። አየርላንድ ውስጥ ፑልናብሮን የሚባል አለ፣ ፖስት ካርድ ላይ ሁሉ የሚታየው እሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲቆፈር ከ30 በላይ ሰዎች አፅም ወጣ፣ ትልልቅ ሰዎችም ህጻናትም፣ የገቡትም በአንድ ቀን ሳይሆን በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነው፣ ይህ እንግዲህ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው። ሕፃን ልጅ ያለበትን ነገር ጠረጴዛ ማለት አልዋጥልሽ አለኝ።

እና ለምን ጠረጴዛ ተባለ? ስሙን ያወጡት ሰዎች ያዩት ፍርስራሹን ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ ሲሰሩ በላያቸው ላይ አፈር ወይም የድንጋይ ክምር ነበራቸው፣ ከውጭ ሲታዩ ጉብታ ነበሩ ማለት ነው። ከዛ በሺህ ዓመታት ውስጥ ዝናቡ ጠረገው፣ ገበሬው አፈሩን ለማሳው ወሰደው፣ ትንንሾቹን ድንጋዮች ለአጥርና ለቤት አነሷቸው፣ ማንም ሊያነሳው ያልቻለው ትልልቁ ብቻ እንደ አጥንት ቀረ። ያንን አጥንት ያየ መንገደኛ ነው "ጠረጴዛ" ያለው። ጠረጴዛ ከተባለ በኋላ ደግሞ ጥያቄ ይመጣል፣ የምን ጠረጴዛ? በቃ መሠዊያ ነው፣ የድሮ ካህናት ሰው ያርዱበት ነበር ተባለ፣ ይህ ወሬ ለብዙ ጊዜ በትልልቅ ሰዎች ጭምር ሲነገር ኖረ። ከአንድ የተሳሳተ ስም ሙሉ ታሪክ ተወለደ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የአንድ ጽሑፍ ጉዳይ እንዳልሆነ የገባኝ። ብሬታኝ ውስጥ እራሱ ሎክማርያኬ የሚባል ቦታ "ጠረጴዛ" እየተባለ የሚጠራ ታዋቂ አንድ አለ፣ ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት ግን ጠረጴዛ የሚመስል ነገር የለም፣ ባለሙያዎች የድንጋይ ክምሩን መልሰው አልብሰውታል፣ ጎንበስ ብለህ በጠባብ መተላለፊያ ነው የምትገባው። ስሙ ግን አሁንም ጠረጴዛ ነው።

ሌሎቹ ቃላት ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። ክሮምሌክ የሚባል አለ፣ ከዌልስ ቋንቋ የመጣ፣ ጎበጥ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማለት ነው። ዌልስ ውስጥ ክሮምሌክ ካሉህ ይሄንኑ ዶልመን ማለታቸው ነው። ፈረንሳዮቹ ክሮምሌክ ሲሉ ግን በክብ የቆሙ ድንጋዮች ማለታቸው ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት የተለያየ ነገር፣ ለተርጓሚ ወጥመድ ነው። ሜንሂር ቀላል ነው፣ ረጅም ድንጋይ ማለት ነው፣ እሱ እንኳን የእኛ ትክል ድንጋይ ይበቃዋል። ዶልመኑን ጀርመኖች ደግሞ የግዙፎች መቃብር ይሉታል፣ ሆላንዶች የግዙፎች አልጋ። ኮሪያ ጎይንዶል ነው፣ የተደገፈ ድንጋይ እንደማለት፣ እና ልብ በሉ፣ በዓለም ላይ ካሉት ዶልመኖች ብዙውን ቁጥር የያዘችው ኮሪያ ናት፣ ጎቻንግ፣ ህዋሱንና ጋንግህዋ ያሉት እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኔስኮ ላይ ተመዝግበዋል። ህንድ ኬረላ ውስጥ ደግሞ ከዚሁ ዘመድ የሆነ መቃብር አላቸው፣ ቶፒካል ይሉታል፣ ኮፍያ ድንጋይ። ሁሉም ያየውን ነው የጠራው፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ኮፍያ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ "መቃብር" የሚለው ቃል ያለበት የጀርመኖቹ ብቻ ነው።

የኛስ? ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ብዙ ሰው ዶልመን የአውሮፓ ነገር ይመስለዋል፣ እኔም እስከዛሬ እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ሐረርጌ ጨርጨር ተራሮች ላይ ዶልመን አለ። አዛይስ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አይቶ ጽፎባቸዋል፣ በኋላ ሮዤ ጁሶም የሚባል ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት በ1970ዎቹ ቆፍሯቸዋል፣ ዕድሜያቸውን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ሁለተኛው ሺህ ዓመት ይወስዱታል። አክሱም ከመቆሙ በፊት ማለት እኮ ነው! በዛ አገር ጥንታዊ ፍርስራሽና የድሮ መቃብር ባየ ቁጥር ሰው የሐርላ ነው ይላል፣ ሐርላዎች ደግሞ በጣም ግዙፍ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ጀርመኑ ገበሬና የጨርጨር ገበሬ ሳይተዋወቁ፣ በመሃል አንድ አህጉር እያለ፣ ትልቅ ድንጋይ አይተው አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፣ ይሄንን ያነሳ ሰው ግዙፍ መሆን አለበት። ከጠረጴዛው ይልቅ ይሄ ይሻለኛል። ቢያንስ ስለ ሰው ነው የሚያወራው።

ወደ እኛ ጠጋ ስንል ደግሞ ጢያ አለ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ በጠዋት ተነስታችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ፣ መንገዱ ላይ መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። ጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ ተቀርጿል፣ ጎራዴው በብዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው ዩኔስኮ የመዘገበው። አካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይለዋል። ከስር ሲቆፈር መቃብር ነው፣ ሰዎቹ እግራቸው ታጥፎ እንደተኛ ልጅ ተኮራምተው ነው የተቀበሩት። ግራኝ አህመድ ከመወለዱ በፊት እዛ የነበሩ ናቸው። ግን እኛ ደግሞ "ትክል ድንጋይ" ስንል ያው እንደነሱ ድንጋዩን እንጂ የተኛውን ሰው አልጠራንም። ሐውልት ስንል ቢያንስ መታሰቢያነት አለው። ትክል ድንጋይ ግን በቃ የተተከለ ድንጋይ ነው፣ አጥርም ሊሆን ይችላል። አስጎብኚው "ትክል ድንጋዮቹን ፎቶ አንሱ" ይላል፣ ሰው ተደግፎ ሰልፊ ይነሳል። መቃብር ቢባል አይደገፍም ነበር ብዬ አምናለሁ፣ እኛ መቃብር እንፈራለን፣ እናከብራለን፣ ስናልፍ እናማትባለን።

እሺ ይሄን ሁሉ አንብቤ ለማን እንደምጽፈው ሳላውቅ በተቀመጥኩበት ሰሞን ነው የእማማ ነገር የመጣው።

እማማ የእናቴ እናት ናት። የሞተችው በ1986 ዓ.ም. ነው፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የኖረችውም የተቀበረችውም በሰንዳፋ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፣ ያኔ ጤፍ ማሳና ባህር ዛፍ ብቻ ነበር፣ አሁን በብሎኬት አጥር ተከቦ አፓርታማ እየወጣበት ነው። ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ሊሰራ ሆነ፣ መቃብሩ ያለበት ቦታ ላይ፣ ስለዚህ አፅም ያላችሁ አንሱ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ጊዜም ሰጥተውናል፣ ቅሬታ የለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ከአጎቴና ከአክስቴ ጋር ሄድን። ፍታት ተደረገ፣ ከዛ ሁለት ሰዎች መቆፈር ጀመሩ፣ አንዱ ወጣት ነው፣ አንዱ ግን ሽማግሌ፣ እዛው ቤተክርስቲያን ዕድሜውን ሙሉ የቆፈረ ሰው። የእማማ መቃብር ላይ ሲሚንቶ ምናምን የለም፣ ጥቂት የተደረደረ ድንጋይና አንድ የዛገ የብረት መስቀል ብቻ ነው ያለው።

አንድ ሜትር ገደማ እንደወረዱ ዶማው ድንጋይ መታ። ድምፁ እንደ ሌላ ድንጋይ አይደለም፣ ከስሩ ባዶ እንዳለ ይነግራል። ሽማግሌው እጁን አንስቶ ወጣቱን አስቆመውና ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ጠረገው። ከዛ ቀና ብሎ አጎቴን እያየ፣

"ክዳኑ ነው" አለ። "በደንብ ነው የከደኑት፣ አልተሰበረም።"

ክዳኑ። ገላጣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ተኩል በላይ፣ አንዱ ጠርዝ በመሮ ተስተካክሎ ተጠርቧል፣ ሌላው ጠርዝ እንደተፈጠረ ነው። በጎኑ ሁለት ሌሎችም አሉ፣ ሦስቱ ጎን ለጎን ተጋድመው ጉድጓዱን ሸፍነዋል፣ መጋጠሚያቸው ላይ ጠጠርና ጭቃ ተመርጎበታል፣ ጭቃው ውስጥ የጭድ ቅሪት አሁንም ይታያል። ሲነሱ ከስር አፈር አልገባም ማለት ይቻላል። በግራና በቀኝ ቀጭን ድንጋዮች በጎናቸው ቆመዋል፣ በራስጌ አንድ፣ በግርጌ አንድ። መሃል እማማ።

እዛ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሜ ስለ እማማ ማሰብ ሲገባኝ መጀመሪያ ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው ሲስት የሚለው ቃል ነው። ሲስት ከላቲን የመጣ ነው፣ ሳጥን ማለት ነው፣ አርኪዮሎጂስቶች በጎናቸው በቆሙ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተከቦ በድንጋይ የተከደነ ትንሽ መቃብርን እንዲህ ይሉታል፣ የነሐስ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በብዛት አለ፣ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ደግሞ ሰንዳፋ መንገድ ላይ በ1986 የጎረቤት ሰዎች በእድር ጡሩምባ ተጠርተው በአንድ ጠዋት የሰሩት ነገር ነው። ማንም "ሳጥን" አላለውም። ማንም ስም አላወጣለትም። ስም ያለው ክዳኑ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የሚከደን ሰው አለ።

አጎቴን "ጋሼ፣ ያን ቀን ድንጋዩን ከየት አመጣችሁት?" ብዬ ጠየቅኩት። እንባውን በጋቢው ጠርጎ ዝም አለና ቆይቶ፣ "ከወንዙ ማዶ ነዋ፣ ስምንት ሰው ነው በባህር ዛፍ ወጋግራ የተሸከመው፣ አባትሽ ትከሻው ተልጦ ሁለት ሳምንት ታሟል" አለኝ። ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ ነግሮኝ አያውቅም። ስፔን አንተኬራ ውስጥ ሜንጋ የሚባለው ትልቁ ዶልመን ክዳን ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ ወደ 150 ቶን ነው ይላሉ፣ አክሱም ነፋስ መውጫ የሚባለው መቃብር ላይ የተጋደመው ደግሞ ከ17 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፣ ክብደቱ ወደ 360 ቶን ይገመታል፣ እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ ሁሌ የማስበው እንዴት አነሱት የሚለውን ነበር፣ ተንሸራታች መንገድ፣ ገመድ፣ ግንድ፣ ምናምን። ከዛ ቅዳሜ በኋላ ግን የማስበው የስንት ሰው አባት ትከሻ ተላጠ የሚለውን ነው። ለማን ብለው? ያ ሰው ማን ነበር?

ሰው "ቅድመ ታሪክ" ሲል ደግሞ የሆነ ከኛ ጋር የማይገናኝ ፍጥረት ያስመስለዋል። ቅድመ ታሪክ ማለት እኮ ጽሑፍ ያልተገኘበት ዘመን ማለት ብቻ ነው። የእማማ መቃብር ላይም ጽሑፍ የለም። መስቀሉ ላይ በቀለም የተጻፈው ስሟ በሦስተኛው ክረምት ታጥቦ ሄዷል ይላል አጎቴ። አፅሟን የለየነው አክስቴ ቦታውን ከጽዱ ዛፍ በእርምጃ ቆጥራ ስለያዘችው ነው፣ አስራ አራት እርምጃ። አክስቴ ባትኖር ኖሮ ያ መቃብር ዛሬ ስም የሌለው የድንጋይ ሳጥን ነበር፣ አንድ ሌላ ተርጓሚ ደግሞ አንድ ቀን ስም ሊያወጣለት ይቀመጥ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ላረመኝ ሰው ጻፍኩለት፣ ረጅም ነበር፣ ቆረጥኩት። ያልኩት ይሄን ነው፣ ቃሉ በሥሩ ጠረጴዛ መሆኑ ትክክል ነው፣ እሱን በአንድ አረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ እንንገራቸው፣ ከዛ በኋላ ባለው ግን ቃሉን ዶልመን ብለን እንዳለ እንያዘው፣ ሲተረጎም ደግሞ "ባለ ድንጋይ ክዳን መቃብር" እንበለው። ስለ ክዳን አስቤበታለሁ። የቤት ክዳን እንላለን፣ የድስት ክዳን እንላለን፣ ገመናዬን ክደነኝ እንላለን፣ ከስር ያለ ነገር መኖሩን ቃሉ እራሱ ይናገራል። ጠረጴዛ ግን ከላይ የሚቀመጥበትን ነው የሚያስበው። አየርላንዶች አሁን አሁን በባለሙያ ጽሑፍ ላይ ዶልመን የሚለውን ትተው ባለ በር መቃብር ነው የሚሉት፣ መቃብርነቱን አስገብተውበታል። እኛ ቃሉን ገና አዲስ እያስገባን ስለሆነ ከመጀመሪያው በደንብ ብናስገባው ምን አለበት። መልሱ ገና አልመጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። አፅሟን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን በሳጥን አድርገን እዛው ግቢ ጫፍ ላይ በአዲሱ ፉካ ውስጥ አስገባናት፣ ጠባብ ነው፣ ሲሚንቶ ነው፣ ቁጥር አለው። ክዳኖቹ የሚገቡበት ቦታ የለም። ሁለቱን ወጣቱ ቆፋሪ ወደ አጥሩ ወስዶ አስደገፋቸው፣ ትልቁን ግን አራት ሆነው እየጎተቱ ከዋርካው ስር ሲደርሱ ደከማቸውና ሁለት የተሰበረ ብሎኬት ላይ አሳርፈውት ሄዱ። ከዛ ሁላችንም ጸበል ቅመሱ ተባልን። ዳቦ ተቆረሰ፣ ንፍሮ መጣ፣ ጠላም ነበር። የማላውቃቸው ሴትዮ፣ ደግ ሴትዮ ናቸው፣ የጎረቤት ሰው፣ ትሪውን ይዘው ቦታ ሲፈልጉ ድንጋዩን አዩትና እላዩ ላይ አስቀመጡት፣ ሌላዋም የንፍሮውን ሰሃን ጨመረች፣ ሰው በዙሪያው ተሰበሰበ፣ አንድ ልጅ ክርኑን አስደግፎ ይበላል። ከጉድጓዱ ከወጣ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም።

ቆሜ አየሁት። አፌ ውስጥ ያለው ዳቦ አልወርድ አለኝ። አክስቴ አጠገቤ ነበረችና ፊቴን አይታ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"እትዬ፣ እሱ እኮ የእማማ ክዳን ነው።"

ዘወር ብላ አየችው። ምንም አላለችም፣ ሄዳ ሴትዮዋን በጆሯቸው አንሾካሾከችላቸው፣ እሳቸውም "ውይ በስመአብ" ብለው ትሪውን አነሱ፣ አክስቴም ሰሃኑን አነሳች፣ ልጁን "ና ወዲህ የኔ ጌታ" ብላ ከድንጋዩ አራቀችው፣ ከዛ ተንበርክካ የዳቦውን ፍርፋሪ በነጠላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረገችው።